ከመጋረጃው ወዲህ

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የትናየት አገኘሁ ወገዳ ከተማ ባለው ቢሮዋ ገና ወንበሯን ስባ መቀመጧ ነበር። የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ሆና መሥራት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ጥር በገባ ቁጥር እንዲህ ያለ ስልክ ይደወላል።

«እሁድ የምትዳር ልጅ አለች» አለ አንድ የወንድ ድምፅ። ለስለስ ያለ፣ ከመናገሩ በፊት ትንሽ የሚያመነታ ድምፅ ነበር። «ኤደን ጥላዬ ትባላለች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ይላሉ፤ አሥራ አራት ነው። ሙሽራው ዲያቆን ነው።»

ቀበሌውን ነገራት። ስሙን ስትጠይቀው ስልኩን ዘጋው።

የትናየት የትምህርት ቤቱን መዝገብ አስወጥታ አየች። አሥራ አራት። በማግስቱ ማለዳ ከቀበሌው አስተዳዳሪ ጋር የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ሄዳ የሙሽራው አባት ቄስ ቢሻው ግቢ ደረሰች።

ግቢው ውስጥ ዳስ እየተሠራ ነበር። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው አዩዋት። ለምን እንደመጣች ሳትናገር የገባቸው ይመስላሉ።

«ሙሽራው የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ከዳሱ ጣሪያ ላይ ማገር ሲያስር የነበረ ረጅም ወጣት ወረደ። እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ፊቷ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ልመንህ ቢሻው።»

ያው ድምፅ ነበር።

የትናየት ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። እንዳወቀችው አወቀ፤ ዓይኑን ግን አልሰበረም። እንድትተወው የሚለምን ዓይን ነበር።

በዚህ መሐል ቄስ ቢሻው ከቤት ወጡ። ጠምጣማቸው የነጣ፣ ቁመናቸው ገና ያልጎበጠ ሰው ናቸው። ነገሩን ቆመው ሰሙና «ልጄ፣ ማን ልኮሽ ነው?» አሏት።

«ሕጉ ነው የላከኝ፣ አባቴ።»

«ሕግ እግር የለውም። ሰው ነው የነገረሽ። ማን ነው?»

ልመንህ መሬት መሬቱን ያያል። የትናየት አንድ ቃል ብትተነፍስ አባትና ልጅ እዚያው ይለያያሉ።

«መናገር አልችልም» አለች።

«እንግዲያው እኔ ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ቄስ ነው ያለው። ቄስ ዘመኑ ዓይናቸው ደክሟል። እሳቸው የቀሩ ቀን ሚካኤል ሳይቀደስ ይውላል። ይህ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ሊቀስስ ነው፤ ድንግል ካላገባ ደግሞ አይቀስስም። የእግዚአብሔርን ፈቃድ በወረቀት ልታቆሚ ነው የመጣሽው?»

«የእግዚአብሔርን ፈቃድ እርስዎ ያውቃሉ፣ አባቴ። እኔ የማውቀው ኤደን ሰኞ ዕለት የሰባተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት፤ አልመጣችም።»

ሠርጉ ቀረ። የልጅቷ አባት ጥላዬ አስተዳዳሪው ፊት ፈረመ። የትናየት ግቢውን ለቅቃ ስትወጣ ዳሱ ከኋላዋ ሲፈርስ ይሰማታል። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሰኞ ከሰዓት ልመንህ ቢሮዋ በር ላይ ቆመ። ወገዳ ውስጥ የሒሳብ መምህር እንደሆነ፣ ለቅዳሴ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱ ዘንድ እንደሚሄድ ሰምታለች።

«ላመሰግንሽ ነው» አለ።

«ለምኑ?»

«ስላልተናገርሽብኝ።»

የትናየት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሃያ ሰባት።»

«ለአባትህ ራስህ ልትላቸው የሚገባህን በእኔ አፍ አስባልከው። አሁን የሚረግሙት እኔን ነው። እሱስ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ። አንተ ግን ያን ቀን የራስህን ዳስ እየሠራህ እኔን ትጠብቅ ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ዕድሜዋን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ ከክፍል መምህሯ። ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስቴም ሳልነግራቸው ተመለስኩ። ፊታቸውን ሳይ አልችልም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም የምችል አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ምስጋናህን አልቀበልም» አለችው።

ሳምንት ሙሉ ስለ ንግግሯ ስታስብ ሰነበተች፤ በዝታበት ይሆን ብላ። በሚቀጥለው ሰኞ ልመንህ ተመልሶ መጣ። ወደ ውስጥ አልገባም። ትከሻውን የበሩ መቃን ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ነገርኳቸው» አለ። «የደወልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ተነሥተው ወጡ። ትናንት ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉን ሁሉ መስቀል አሳለሙ። እኔ ጋ ሲደርሱ አለፉኝ።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገር ድምፁ ተሰበረ። ልትናገር ያሰበችው ሁሉ ትንሽ መስሎ ታያት።

«ሻይ ጠጥተሃል?» አለችው።

አልጠጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያገናኛቸው የኤደን ነገር ነው። ጥላዬ ከሠርጉ መቅረት በኋላ አፍሮ ልጁን ከቤት አላስወጣም አለ። ሁለቱ አብረው ሄደው ለመኑት፤ እምቢ አለ። ደግመው ሄዱ፤ ውሻውን አላሰረላቸውም። በሦስተኛው ጊዜ ልመንህ ብቻውን ከጥላዬ ጋር እርሻው ዳር ቁጭ ብሎ ሲያወራ ዋለ። የትናየት ከሩቅ ሆና ስታያቸው ሁለቱም መሬት እየጫሩ ነበር። መጋቢት ላይ ኤደን ትምህርት ቤት ተመለሰች።

«እንዴት አድርገህ አሳመንከው?» ብላ ጠየቀችው በመንገድ።

«ይቅርታ ጠየቅኩት። ያዋረድኩህ እኔ ነኝ፣ ልጅህ አይደለችም አልኩት።»

የትናየት ዞር ብላ አየችው። በር ላይ ቆሞ የሚያመሰግናት የነበረው ሰው አልመስል አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ጆሮዋ ወደ ደጅ መሆኑን ከራሷ መደበቅ አልቻለችም።

«ይህን ሥራ እንዴት ቻልሽው?» አላት አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠው። «ሁሉም እየጠላሽ?»

«ድሮ እግዚአብሔርን ለምን ለምን እያልኩ አስቸግረው ነበር» አለች። ለምኑ እንደሆነ አልነገረችውም። «አሁን አንዲት ልጅ ሰኞ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ሳያት አልጠይቀውም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የፈጠረኝ እላለሁ። ሌላ ትልቅ ነገር ቢኖረው ይነግረኝ ነበር።»

ልመንህ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ትኩር ብሎ ሲያያት የትናየት ሻርፗን አስተካከለች። የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

ሰኔ ገባ። ከአንድ የገጠር ስብሰባ ሲመለሱ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ሲያካፋ ከመንገድ ዳር ዋንዛ ሥር ተጠለሉ።

«የትናየት» አለ ልመንህ፤ «ሽማግሌ ልላክ?»

ይህን ቃል ስትጠብቀውም ስትፈራውም ነበር።

«ወደ ማን?»

«ወደ አባትሽ።»

«አባቴን ካየኋቸው አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሳታቆም ነገረችው፤ ብታቆም እንደማትቀጥል ታውቃለች። የተወለደችው እስቴ ገጠር ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ዳሯት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ነበር፣ እሷ ደግሞ ልጅ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቆየች። አንድ ቀን ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣችና ጀሪካኑን ምንጩ ዳር ትታ መካነ ኢየሱስ ከተማ አክስቷ ቤት ገባች። አክስቷ አስተማረቻት። አባቷ ግን አዋረደችኝ ብለው ስሟን መጥራት ተዉ።

«እኔ ፈት ነኝ፣ ልመንህ። እኔን ካገባህ ቅስና የለም። ድቁናህም ይፈርሳል። ካንተ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም።»

ዝናቡ በረታ። የትናየት መልስ አልጠበቀችም፤ የልመንህን ፊት ብቻ ነው ያየችው። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበር። ሐዘኑ ለእሷ ይሁን ለራሱ ለመለየት አልቻለችም።

«ጊዜ ስጪኝ» አለ በመጨረሻ።

«ውሰድ» አለችው። ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ መሄድ ጀመረች።

ሐምሌ ሙሉ አልመጣም። የትናየት ሪፖርቷን ትጽፋለች፣ ስብሰባ ትገባለች። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ቆማ ትጸልያለች፤ ጸሎቱ ግን መሐል ላይ ይጠፋባታል። መልሱን አግኝቻለሁ ብላ ራሷን አሳመነች። ደጁን ማዳመጥ ግን አልተወችም።

ልመንህ ያን ጊዜ የንስሐ አባቱ ከሆኑት ከቄስ ዘመኑ ዘንድ ይመላለስ ነበር። ፍልሰታ የገባ ዕለት፣ ከቅዳሴ በፊት፣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ነገራቸው።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ለመቅደስ ነው ያደግኩት፣ አባቴ። እግዚአብሔር የሚፈልገኝ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። እሷን ደግሞ ማን አመጣት? እሱ ካልሆነ ማን ነው?»

ሽማግሌው የደከመ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«እኔ አርባ ሁለት ዓመት ቀድሻለሁ» አሉ። «እግዚአብሔርን ሁልጊዜ ከመጋረጃው ውስጥ ነበር የምፈልገው። ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ጎረቤቶች ለተዝካሯ ምን ትወድ ነበር ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት አድረን የምትወደውን አላውቅም ነበር። እግዚአብሔር ስለ መቅደሱ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ፤ ስለ እሷ ሲጠይቀኝ ግን ምን እንደምል እንጃ።»

«ስለዚህ ላግባት ነው የሚሉኝ?»

«አላልኩም። ስማኝ። ቅስናውን ከተውክ ተመልሰህ አታገኘውም። ነገ ዕጣኑ ሲሸትህ፣ ጓደኞችህ ሲቀድሱ ስታይ፣ በእሷ ምክንያት ነው ብለህ የምትቆጥርባት ከሆነ ዛሬውኑ ተዋት። ያኔ ሁለቱንም ነው የምታጣው፤ እሷንም ታጠፋታለህ። የማትቆጥርባት ከሆነ ግን ቤትም እግዚአብሔርን የሚያገለግሉበት ቦታ ነው። ጾሙ እስኪፈታ አስብ። እኔን አትጠይቀኝ፤ ራስህን ጠይቅ።»

ልመንህ አሥራ አምስቱንም ቀን ቅዳሴ ገባ። በየቀኑ፣ ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣውን ቃል ሲያውጅ፣ ይህን መተው እችላለሁ ወይ እያለ ራሱን ይጠይቅ ነበር። አንዳንዱን ቀን አልችልም የሚል መልስ ይዞ ይወጣል።

መስከረም ላይ ወገዳ ተመለሰና ወደ ቢሮዋ ሄደ። ከስቷል።

«ቅዳሜ ስለ እኔና ስለ አንቺ ለአባቴና ለእናቴ ልነግራቸው ነው» አላት። «ካንቺ ደብቄ መሄድ አልፈለግኩም።»

የትናየት ከወንበሯ ተነሣች። «ለእኔ ብለህ ቅስናውን አትተው። የሰው ዕድሜ ልክ ሐዘን ተሸክሜ መኖር አልችልም።»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም። ለራሴ ነው። ይከብደኛል፣ እንደማይከብደኝ አድርጌ አልዋሽሽም። ግን አንቺን ትቼ ብቀስስ፣ መስቀሉን ይዤ ለሰው ስለ ፍቅር የማስተምረው ውሸቴን ነው።»

«አብሬህ ልሂድ?»

«አይሆንም። ይሄኛውን በራሴ አፍ ነው የምናገረው።»

ቄስ ቢሻው ነገሩን የሰሙት ምሳ ቀርቦ ነው። እጃቸውን ከገበታው ላይ አነሡ።

«ያቺ ልጅ? ፈት ናት?»

«አዎ፣ አባዬ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ድረዋት ሸሽታ አክስቷ ቤት ገባች።»

«ሠርግህን አፈረሰች፤ አሁን ደግሞ ክህነትህን። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። ፈት ለካህን ቤት አትገባም።»

ልመንህ ሊመልስ ሲል እናቱ ወይዘሮ ደጊቱ ቀደሙት። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እንጀራውን እያጠፉ ነበር የሚናገሩት።

«እኔም አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር» አሉ።

ቄስ ቢሻው ዞር አሉ። «ምን አልሽ?»

«ለእርስዎ የሰጡኝ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የእናቴን ቀሚስ ይዤ አልለቅም ብዬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁኝ። የመጀመሪያዋን ልጅ ሳምጥ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሁለት ቀን አማጥኩ። ሞታ ወጣች። እርስዎ ማኅሌት ቆመው ነበር።»

«ደጊቱ…»

«አልከስዎትም። እርስዎም ልጅ ነበሩ፤ ደግ ባል ሆነውኛል። ግን ከልመንህ በፊት ብዙ ሌሊት ልሸሽ አስቤ የምሄድበት አጥቼ ነው የቀረሁት። አክስት አልነበረኝም። ሸሽቼ ቢሆን ኖሮ እኔንም ፈት ነበር የሚሉኝ። ያቺ ልጅ ከእኔ የምትለየው መሄጃ በማግኘቷ ነው።»

ገበታው ሳይነካ ተነሣ። ቄስ ቢሻው ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ እስኪመሽ አልተመለሱም።

ጥቅምት ሙሉ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ልመንህ ቅዳሜ ሲመጣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ያልፉታል። አንድ ጠዋት ግን ወይዘሮ ደጊቱ ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ቄስ ቢሻው መንገድ ድረስ ሄደው ጀሪካኑን ተቀበሏቸው። በአርባ ዓመት አድርገውት አያውቁም። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ወደ ቤት ገቡ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ቄስ ቢሻው የትናየት ቢሮ በር ላይ ቆሙ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

«አባትሽ የት ነው የሚኖሩት?» አሏት።

«እስቴ ነው፣ አባቴ። ግን አንነጋገርም።»

«ሰምቻለሁ። እኔ ልጅ የምጠይቀው ከአባት ነው፤ ከቢሮ አልጠይቅም። ነገ እንሄዳለን፣ አንቺም ትመሪናለሽ።» ዘንጋቸውን አየት አድርገው «ያን ቀን ስለ ፈተናው ስትነግሪኝ መልስ አልነበረኝም» አሉ። «እስካሁንም የለኝም።»

በሚኒባስ መካነ ኢየሱስ ደርሰው ከዚያ በእግር ሄዱ። ቄስ ቢሻው፣ ልመንህና የትናየት ብቻ ነበሩ። የሰፈሯ ዛፎች ሲታዩ የትናየት እርምጃዋ ቀነሰ። ልመንህ ከጎኗ ሆነ።

አቶ አገኘሁ ውድማ ላይ ጤፍ እያበራዩ ነበር። ጠጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። መጀመሪያ ያዩት ቄሱን ነው፤ መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ ልጃቸውን አዩ። በሬዎቹን የሚነዱበት ዘንግ ከእጃቸው ወደቀ። ውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ቄስ ቢሻው በሥርዓቱ መሠረት ቆመው ተናገሩ። «ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡኝ ልለምን ነው የመጣሁት። ልጄ ዲያቆን ነው። እሷን ሲያገባ ክህነቱ እንደሚቀር እሱም ያውቃል፤ እኔም አውቄ ነው የመጣሁት።»

በሬዎቹ ቆመው ገለባ ያመነዥካሉ።

«እኔ አንድ ጊዜ ሰጥቻታለሁ፣ አባቴ» አሉ አቶ አገኘሁ። «ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም። ስታለቅስ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልጥራት? ሰው አዋረደችህ ይለኛል፤ የማፍረው ግን በእሷ አልነበረም። አሁን የምሰጣት እኔ ማን ነኝ? እሷን ጠይቋት።»

ሁሉም ወደ የትናየት ዞሩ። ልመንህ አላያትም፤ ዓይኑን ከእሷ አንሥቶ ራቅ ያለው ተራራ ላይ አደረገ። ፊቱን አይታ እንድትወስን እንዳልፈለገ ገባት።

እሷ ግን የመለሰችው ለአባቷ ነው።

«እሺ ብል ሠርጌ ላይ ይመጣሉ?»

«በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ፣ የትናየት» አሉ አቶ አገኘሁ።

ስሟን ከአፋቸው ስትሰማ አሥራ ሁለት ዓመት የያዘችው ነገር ለቀቃት። ሄዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ እሳቸውም ጭድ የተሞላ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀና ብላ «እሺ» አለች። አሁን ልመንህ አያት።

ጥር ላይ ንስሐ ገብተው በቁርባን ተጋቡ። አቶ አገኘሁ ከእስቴ ሁለት ቀን ቀድመው መጡ። ቄስ ዘመኑ ማንም ሳይመራቸው ከሠርገኛው ሁሉ ፊት ደረሱ።

ከሠርጉ በኋላ ባለው እሁድ ልመንህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ቆመ። ከሌላ ደብር የመጣ ዲያቆን ነበር የሚያገለግለው። ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣው ድምፅ ከመቅደሱ ሲወጣ የልመንህ ከንፈር ሳያስበው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያም ቆመ። የትናየት ከሴቶቹ በኩል ሆና አየችው። ፊቱን ማየት አሳመማት፤ ግን ዓይኗን አላዞረችም።

ቅዳሴ ሲያልቅ ቄስ ቢሻው እየዞሩ መስቀል አሳለሙ። ልጃቸው ጋ ሲደርሱ መስቀሉን ግንባሩ ላይ ብዙ አቆዩት።

ወደ ወገዳ የሚወስደውን መንገድ ያዙ።

«ከበደህ?» አለች የትናየት።

«በጣም።»

«ሌላ እሁድስ?»

«ሌላ እሁድም ይከብደኝ ይሆናል። ሲከብደኝ እነግርሻለሁ።»

«ንገረኝ» አለችው። እጁን ያዘችና ቁልቁለቱን ወረዱ። ለነገው ክፍል የሚያርመው ደብተር ነበረው፤ እሷም ጠዋት የምትሄድበት ሩቅ ቀበሌ አለ። ከመንጋቱ በፊት ተነሥቶ መንገዱ ድረስ ሊሸኛት ተስማሙ።